የጾታ እኩልነት በዝግጅት ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከስብሰባና ከዐውደ ጥናት አዘጋጆች፣ ከሰርግ ቤተሰቦችና ከእድር ሰዎች በየጊዜው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌ መልሻቸዋለሁ።

በዝግጅት ሥራ የጾታ እኩልነት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ዝግጅት ሲታሰብ ማን ይወስናል? ማን ይናገራል? ማን ይደክማል? ማን ይከፈለዋል? ማንስ ሳይሳቀቅ መጥቶ ሳይሳቀቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በራሳችሁ ዝግጅት ላይ አንሡ። መወሰኑና መናገሩ ለወንድ፣ መድከሙና መሳቀቁ ለሴት ሆኖ ከተገኘ ገና ብዙ ሥራ ይቀራችኋል።

ብዙ ሰው ነገሩን መድረክ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ቁጥር ጋር ብቻ ያያይዘዋል። መድረኩ ግን የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ነገሩ የሚወሰነው ከዚያ ስድስትና ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሦስት አራት ሰዎች ቡና ይዘው «ማንን እንጋብዝ?» ሲባባሉና የመጀመሪያው ስም ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች የወንድ ከሆኑ ከዚያ በኋላ የምትጨመረው ሴት «ለማሟያ» የመጣች ትመስላለች፤ እሷም ይህን ታውቀዋለች።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ ስለ አዳራሽና ስለ መድረክ አያወራም፤ መሠረቱን ግን አስቀምጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከመደንገግ አልፎ፣ ሴቶች በታሪክ ከወረሱት የበታችነት ጫና የተነሣ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ሊደረግላቸው እንደሚገባ ይናገራል። አንቀጽ 42 ደግሞ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለአንድ ቀን የተቀጠረችን አስተናጋጅ ከወንድ ባልደረባዋ አሳንሶ መክፈል እንግዲህ ከይሉኝታ አልፎ የመብት ጉዳይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ትርጉም ሰጥቶ ከልክሏል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛንም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት አይፈቅድም። የእራት ግብዣና የሰርግ ምሽት የምታስተባብሩ ሁሉ ይህችን አንቀጽ በቃል ብትይዟት እመኛለሁ። የእኛ ሥራ በአመዛኙ የሌሊት ሥራ ነውና።

ከተናጋሪዎች መካከል ስንቶቹ ሴቶች ቢሆኑ በቂ ነው?

ግማሽ። ግቡ ግማሽ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነው። ቢያንስ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን አትቀመጥ። አራት ወንዶች መካከል ብቻዋን የተቀመጠች ባለሙያ ምን እንደሚደርስባት ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለ ግብር ሥርዓቱ የመጣችው ምሁር ስለ ግብር አትጠየቅም። ወንዶቹ ስለ ጉዳዩ ከተናገሩ በኋላ ማይክራፎኑ ወደ እሷ ዞሮ «እስቲ አንቺ ደግሞ ከሴቶች አንጻር እንዴት ታይዋለሽ?» ትባላለች። ሁለት ሲሆኑ አንዷ ስለ ግብር፣ ሌላዋም ስለ ግብር መናገር ይችላሉ፤ አልፎም እርስ በርሳቸው መከራከር ይችላሉ። ሁለት ሴቶች በአንድ ጉዳይ ላይ በአደባባይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ያየ ታዳሚ «የሴቶች አስተያየት» የሚባል አንድ ወጥ ነገር እንደሌለ በዚያው ይረዳል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ካቢኔ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ ብዙዎቻችን እንደ ትንግርት አይተነው ነበር። በዚያው ወር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለካቢኔ ያልበዛ ግማሽ ለአንድ ሰዓት ተኩል ውይይት አይበዛም።

አወያይዋ ሴት ከሆነች አይበቃም?

አይበቃም። አወያይ የሌላውን ሐሳብ ታስተላልፋለች እንጂ የራሷን አትናገርም። ጎበዝ አወያይ ከሆነች አወያይ ትሁን፤ ከተናጋሪዎች ቁጥር ውስጥ ግን አትቁጠሯት።

«ሴት ባለሙያ ፈልገን አጣን» ለሚሉ ምን እንመልስ?

ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ብዬዋለሁ፤ አሁንም ሲታወሰኝ ያመኛል። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ያሰናዳሁት ዐውደ ጥናት ላይ ሰባት ጥናት አቅራቢዎች ነበሩ፤ ሰባቱም ወንዶች። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ሲጠይቀኝ «በዘርፉ ሴት አጣሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሻይ ሰዓት መዝገባ ጠረጴዛው ላይ የአንገት ባጅ ስታድል የዋለች ወጣት አጠገብ ቆሜ ወሬ ጀመርን። ከባጆቹ ክምር ሥር ጫፉ የተጣጠፈ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ጽሑፍ ይታያል። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ከሰዓት በኋላ የሚቀርበው ነው፤ መረጃውን የሰበሰብኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አለችኝ። አቅራቢው አለቃዋ ነበሩ። እሷ ግን በሩ ሲዘጋ ውጭ፣ ከባጆቹ ጋር ቀረች።

ስለዚህ መልሴ «የት ፈለጋችሁ?» የሚል ጥያቄ ነው። የምንፈልገው ስልካችን ውስጥ፣ ባለፈው ዓመት የፕሮግራም ወረቀት ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ካየናቸው ሰዎች መካከል ነው። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ የተጋበዘን ሰው መልሰው የሚያስጋብዙ ናቸው። የጥናቱን ሁለተኛና ሦስተኛ ጸሐፊ ተመልከቱ። የመምሪያ ኃላፊውን ጋብዛችሁ «ሥራውን በእጁ የሠራው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን፣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ሴቶች ማኅበርን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበራት ቅንጅትን የመሳሰሉ ማኅበራት አሉ፤ በር አንኳኩ። ጋብዛችሁት መምጣት ያልቻለ ወንድ ምሁርም «በእኔ ምትክ» የሚላችሁን ሰው ስትቀበሉ «ሁለት ሴቶች ጠቁሙኝ» በሉት። ብዙ ጊዜ ወዲያው ይጠቁማል፤ ሳይጠየቅ ግን ትዝ አይለውም።

የአዘጋጅ ኮሚቴው ስብጥርም ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ የማይክሮባዮሎጂ ማኅበር ጉባኤዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከመድረክ አሰናጆቹ መካከል አንዲት ሴት እንኳ ስትኖር የሴት ተናጋሪዎች ድርሻ ወንዶች ብቻ ካሰናዷቸው ጋር ሲነጻጸር በ72 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ስም ዝርዝሩ ሲጻፍ ጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ወንበር መጨመር ነው።

የጋበዝናት ባለሙያ እምቢ ብትልስ?

መጀመሪያ መቼ እንደጋበዛችኋት አስታውሱ። ወንዶቹን ከወር በፊት ጋብዞ ለእሷ ከሁለት ቀን በፊት ደውሎ «እባክሽ ሴት ጎድሎን ነው» ማለት ግብዣ አይባልም። ቀድማችሁ ደውሉ፤ ለምን እሷን እንደመረጣችሁ ከሥራዋ ጠቅሳችሁ ንገሯት፤ ከእሷ ጋር እነማን እንደሚቀመጡና ስንት ደቂቃ እንዳላት ግለጹላት። «እኔ እንኳን አልበቃም» ካለቻችሁ በአንድ ቃል አትመለሱ። ተመሳሳይ ዕውቀት ኖሮት በዚህ ምክንያት እምቢ ያለኝ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሴቶች ግን በርካታ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል አብዛኞቹ እሺ ብለዋል።

የግብዣ ካርድና የፕሮግራም ወረቀት ላይ ምን እናስተካክል?

«ለአቶ እገሌ ከነባለቤትዎ» የሚለው ካርድ ሚስትየዋን ስም አልባ ያደርጋታል። ሁለቱንም የምታውቋቸው ከሆነ ሁለቱንም በስማቸው ጻፉ። ጋባዥዋ የእሷ መሥሪያ ቤት ጓደኛ ሆና ሳለ ካርዱ በባልዋ ስም ሲሄድ ደግሞ አይቻለሁ፤ ይህ ግልጽ ስሕተት ነው።

ማዕረግ ላይ የምንፈጽመው በደል ከዚህም ይበልጣል። በአንድ ወረቀት ላይ «ዶክተር እገሌ»፣ «ኢንጂነር እገሌ» ተብሎ ይዘረዘርና ሦስተኛ ዲግሪ ያላት ሴት «ወይዘሮ» ተብላ ትገኛለች። የመድረክ መሪውም ወንዶቹን «አንቱ» እያለ እሷን «አንቺ» ይላታል። ቋንቋችን አክብሮትን ከግሡ ላይ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ይህች ልዩነት ከየትኛውም ንግግር በላይ ትሰማለች። መድረክ መሪው ከመውጣቱ በፊት «ሁሉንም አንቱ፣ ወይም ሁሉንም አንተና አንቺ» ብላችሁ አስረዱት። «ክቡር» ካላችሁ «ክብርት»ንም በልኳ አኑሩ። «ወይዘሮ» ወይስ «ወይዘሪት» ብሎ መጠየቅ ማግባትና አለማግባቷን መጠየቅ ነው። ባጅ ላይ ለወንዱ የማይጠየቅ ነገር ለሴቷም አያስፈልግም፤ ስምና የሥራ ኃላፊነት ይበቃል።

መድረኩ ራሱ ለውጥ ይፈልጋል?

ይፈልጋል፤ እኛ ወንድ ተናጋሪ በአእምሯችን ይዘን ስለምናቆመው አይታየንም። አትሮኖሱ ለረጅም ወንድ ልክ ተሠርቶ ይመጣና አጭር ሴት ስትቆም ከአዳራሹ የሚታየው ግንባሯና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ይሆናል። ከሥሩ የምትገባ ዝቅ ያለች መቆሚያ አዘጋጁ፤ ወይም ያለ አትሮኖስ ትናገር። ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክራፎን ቀበቶና ኮሌታ ይፈልጋል። የሐበሻ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ሁለቱም የሉም። የድምፅ ባለሙያው ሰው ፊት ልብሷን እያገላበጠ ማሰሪያ ሲፈልግ ከማየት የእጅ ማይክራፎን ቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል። ረጃጅም የቡና ቤት ዓይነት በርጩማዎችንም ከመድረክ አንሡ። ቀሚስ ለብሶ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ ያውም ካሜራው ከታች ሆኖ፣ ሐሳብን ይበትናል።

የመርሐ ግብሩ ቅደም ተከተልስ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ጠዋት አዳራሹ ሙሉ ሳለ ወንዶቹ፣ ከምሳ በኋላ ግማሹ ሲያንቀላፋና ግማሹ ውሎ አበሉን ተቀብሎ ሲወጣ ሴቶቹ የሚናገሩበት መርሐ ግብር በቁጥር እኩል ቢሆንም እኩል አይደለም። ከስፖርቱ ዓለም አንድ ነገር ልጥቀስ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሴቶች መሮጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው፤ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ያሸነፈችው ከ12 ዓመት በኋላ ነበር። የመዝጊያው ቀን ግን ለረጅም ዘመን የወንዶቹ ማራቶን ሆኖ ቆየ። በፓሪስ 2024 አዘጋጆቹ የወንዶቹን ማራቶን ቅዳሜ አድርገው የመዝጊያውን እሑድ ለሴቶቹ ሰጡ፤ ትዕግሥት አሰፋ የብር ሜዳሊያዋን ያገኘችው በዚያ እሑድ ነው። ውድድሩ ያው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። በእናንተም መርሐ ግብር ላይ ይቻላል።

ሰዓትና ቦታ ስንመርጥ ምን እናስብ?

ዝግጅቱ የሚያልቅበትን ሰዓት ከሚጀምርበት ይልቅ አጥብቃችሁ ያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተብሎ የተጠራ ግብዣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ሲያልቅ፣ መኪና የሌላት ሴት መሀል ላይ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ከዚያ «ሴቶች ለትስስር አይቆዩም» ይባላል። ከዋናው መንገድ ያልራቀ፣ መብራት ያለው፣ ታክሲ የማይጠፋበት ቦታ ምረጡ። በጀቱ ከፈቀደ ለአስተናጋጆችና ለጽዳት ሠራተኞች ጭምር ሰርቪስ ያዙ፤ መጨረሻ የሚወጡት እነሱ ናቸውና።

መጸዳጃ ቤቱንም ቦታውን ከመከራየታችሁ በፊት ግቡና እዩ። በሩ ይቆለፋል? ውኃ አለ? መብራት አለ? ክዳን ያለው ቅርጫት አለ? የወር አበባ መጠበቂያ ጥቂት እሽግ መግዛት ከአበባ ማስጌጫው ጋር ሲነጻጸር ወጪ አይባልም።

ሕፃን ያላት ተሳታፊ ብትኖርስ?

በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ሕፃን ይዘው ይመጣሉ?» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶችም። ከአዳራሹ አጠገብ ንጹሕ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ምቹ ወንበርና የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለው ክፍል ይበቃል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ስብሰባው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ማቆያው ለዚያ ቀን ለእንግዶችም ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። ሥልጠናው ከከተማ ውጭ ለቀናት የሚቆይ ከሆነ የሞግዚቷን አልጋና ምግብ በጀት ውስጥ አስገቡ። አለበለዚያ «የአራስ እናቶች ሥልጠና አይመቻቸውም» ብላችሁ የምትጽፉት ዘገባ እናንተው የፈጠራችሁትን ችግር ይገልጻል።

በጥያቄና መልስ ጊዜ ሁልጊዜ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው፤ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያውን ዕድል ለሴት ስጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በ10 አገሮች በተካሄዱ 247 የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁ ሴቶች ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጥያቄ ጊዜው ሰፋ ሲልም ሴቶች ይበልጥ ይሳተፋሉ።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ እንዲህ ነው። ተናጋሪው እንደጨረሰ ጥያቄ አንቀበልም። «ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ለሦስት ደቂቃ ተወያዩበት» እንላለን። ከዚያ በኋላ እጅ የሚያወጡት ሰዎች ፊት ፈጽሞ ይለወጣል፤ ሐሳቧን አንድ ጊዜ ጮክ ብላ የተናገረች ሴት ሁለተኛ ጊዜ አትፈራም። ማይክራፎን የሚያዞሩት ልጆችም ከኋላ ረድፍና ከግድግዳ ጥግ እንዲጀምሩ እነግራቸዋለሁ። ጥያቄ ብሎ ተነሥቶ አሥር ደቂቃ የሚናገረውንም አወያዩ በትሕትና ያቁመው። የሌላውን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

አስተናጋጆችን ስንቀጥር ምን እናስተውል?

«መልከ መልካም፣ ቁመቷ ከዚህ ያላነሰ» የሚለውን ማስታወቂያ ተዉት። እንግዳ መቀበል፣ ስም ማንበብ፣ የተቆጣ ሰው ማረጋጋት ችሎታ ነው፤ ቁመት የሚሠራው ነገር የለም። ወንዶችንም ለመቀበያና ለአበባ መስጫ ቅጠሩ፤ ሴቶችንም ለድምፅ፣ ለመብራትና ለቀረጻ ሥራ። ልብሱን እነሱ ይምረጡት፤ ስምንት ሰዓት ቆሞ ለሚውል ሰው ረጅም ተረከዝ ጫማ ማዘዝ ጭካኔ ነው። ክፍያውን በዕለቱ፣ ለሁሉም እኩል።

ይህ ነገር ሰርግና ለቅሶ ላይም ይሠራል?

ይበልጥ የሚሠራው እዚያ ነው። የምናድግበት የመጀመሪያው ዝግጅት እኮ ድግስ ነው። ድንኳን ተካዩ፣ ወንበር ደርዳሪው፣ በሬ ጣዩ፣ ተናጋሪው፣ መራቂው ወንድ፤ ሽንኩርት ከታፊዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ አማሳይዋ፣ ሰሐን አጣቢዋ ሴት። የወንዶቹ ሥራ ድንኳኑ ሲቆም ያልቃል፤ የሴቶቹ ከሳምንት በፊት በቅመማ ቅመሙ ተጀምሮ ድግሱ ካለፈ በኋላም አያልቅም። በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አክስት ፎቶ ሲነሣ ተጠርተው ሲመጡ ዓይናቸው ከጭስ ቀልቶ፣ የቀሚሳቸው ጫፍ በዘይት ረጥቦ ነበር። «እንዲህ ሆኜ አልነሣም» ብለው ተመለሱ። ያንን ድግስ ለሦስት ቀን በእጃቸው ያቆሙት እሳቸው ነበሩ፤ በአልበሙ ውስጥ ግን የሉም።

ምን ይደረግ? ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ወንዶች ልጆች ሽንኩርት ይላጡ፣ ሰሐን ይጠቡ። አቅም ካለ ወጥ ሠሪ ቅጠሩና የቤተሰቡ ሴቶች በሰርጋቸው ይቀመጡ። ምግብ ለአብሳዮቹ ቀድሞ ይነሣላቸው። ፎቶው ሴቶቹ ልብስ የሚቀይሩበትን ጊዜ ያስላ። የምርቃትና የምስጋና ንግግር ለእናቶችም ይድረስ። በሽምግልና የሚላኩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ልጁን ያሳደገች አክስት ወይም የተከበረች የሰፈር እናት አብራ ብትሄድ ግን ወጉ አይፈርስም፤ ይሞላል እንጂ። እድር ውስጥም ሴቶች ወጥ ቤቱን ይዘው ገንዘብ ያዥነቱና ዳኝነቱ ለወንዶች የሚተውበት ልማድ ይታያል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሴት ዕጩ አቅርቡ፤ ስብሰባውንም ሴቶቹ ቡና በሚያፈሉበት ሰዓት አታድርጉት።

በዝግጅት ላይ ትንኮሳ ቢደርስስ?

ከመድረሱ በፊት ተዘጋጁ። አጭር የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ፤ በግብዣው ላይ ላኩት፤ በመክፈቻው ላይ አንብቡት። አቤቱታ የምትቀበል አንዲት ሴትና አንድ ወንድ መድቡ፤ ስልካቸውን በመጸዳጃ ቤት በር ላይ ጭምር ለጥፉ፤ ብዙ ሴቶች በነፃነት የሚያነቡት እዚያ ነው። አቤቱታ ሲመጣ አቤት ባይዋን «ምን ለብሰሽ ነበር?» ብላችሁ አታቁስሉ። ስሟን ጠብቁ፤ እንዲደረግ የምትፈልገውን ጠይቁ፤ ወደ ፖሊስ መሄድ ከፈለገች አብራችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚከብደው አስነዋሪውን ነገር የፈጸመው የክብር እንግዳው ወይም ገንዘብ የሰጠው ሲሆን ነው። የምትወስዱትን እርምጃ ከወዲሁ፣ ማንም ሳይኖር፣ በጽሑፍ ወስኑ። በዕለቱ ፊቱን እያያችሁ ለመወሰን ከሞከራችሁ ይሉኝታ ያሸንፋችኋል። ደንቡ አስተናጋጆችንም ያካትት፤ በብዛት የሚተነኮሱት እነሱ ናቸው፤ በብዛት ዝም የሚሉትም እነሱው።

የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ካልተስማሙስ?

ሁለት ነገር ለዩ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሥርዓት ወንድና ሴት የየራሳቸው መቆሚያ ካላቸው ያ የእምነቱ ሥርዓት ነው፤ አዘጋጅ አይነካውም። በከተማው አዳራሽ የሚካሄድ የልማት ስብሰባ ላይ «ሴቶች ከኋላ ይቀመጡ» ማለት ግን ሥርዓት ሳይሆን ልማድ ነው። ወንበሩን ከፊት እስከ ኋላ በግራና በቀኝ ክፈሉትና ተለይተው መቀመጥ የሚፈልጉ ሴቶች ከፊትም የሚቀመጡበት ረድፍ ይኑራቸው። ከታላላቆቹ ጋር ቀደም ብላችሁ ተመካከሩ፤ በአደባባይ አታስደንግጧቸው። እኔ ከሽማግሌዎች ጋር ስነጋገር ስለ እኩልነት በጥቅሉ አላወራም፤ «ስለ ውኃው ጉድጓድ ስንወያይ ውኃውን የሚቀዱት እንዴት አይናገሩም?» እላለሁ። እስካሁን በዚህ ያልተስማማ አላየሁም።

ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ መድረክ አድልዎ አይደለም?

አይደለም፤ ሌላው በር እስካልተዘጋ ድረስ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አስቡ። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብቻቸውን ሮጠው የማያውቁ እናቶችና ልጆች በሺዎች ሆነው ይሮጣሉ። ያው አዘጋጅ በኅዳር የሚያካሂደው ሩጫ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። አንዱ ለሌላው መለማመጃና መደፋፈሪያ ይሆናል።

የምሰጋው የዓለም የሴቶች ቀን የሆነውን የካቲት 29ን በመሰለ ቀን ብቻ ሴቶችን መድረክ ላይ ሞልቶ ዓመቱን ሙሉ መርሳትን ነው። በዚያ ቀን ለሴት ሠራተኞች አበባ ተሰጥቶ፣ ቡናውን ያፈሉት፣ ቄጠማውን የጎዘጎዙት፣ ማታም የጠረጉት ራሳቸው በዓሉ የሚከበርላቸው ሴቶች ሆነው ሲገኙ ያሳዝነኛል። ቢያንስ በዚያ ቀን ወንዶቹ ያስተናግዱ።

«እኛ የምንመርጠው በብቃት ነው፤ ጾታ አናይም» ለሚሉ ምን ትላላችሁ?

ብቃትን እኔም አስቀድማለሁ። ስለዚህ መመዘኛውን ስሞች ከመጠራታቸው በፊት በወረቀት እንጻፈው እላለሁ፦ በጉዳዩ ላይ የሠራ፣ ለሕዝብ ማስረዳት የሚችል፣ አዲስ ነገር ያለው። ከዚያ ያለፈው ዓመት ተናጋሪዎችን በዚሁ መመዘኛ እንለካቸው። ሲለኩ ከእነሱ አንዳንዶቹ የተጋበዙት ስለሚታወቁ፣ ስለተወዳጁን ወይም ቢቀሩ ስለሚቀየሙ መሆኑ ይታያል። ጾታ የማያይ ሰው በምርጫው ላይ ሁልጊዜ አንድ ጾታ ከወጣለት ከረጢቱን ፈትሾ ማየት አለበት።

ሁሉም ወንዶች በሆኑበት መድረክ ላይ ከጋበዙኝ ምን ላድርግ? እኔም ወንድ ነኝ።

ገና ሲደውሉላችሁ «ሌሎቹ ተናጋሪዎች እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጄኔቫ የተመሠረተው የጾታ እኩልነት መሪዎች ኅብረት አባላት ሴት ባለሙያ በሌለበት የውይይት መድረክ ላይ ላለመቀመጥ ቃል የሚገቡት ለዚህ ነው፤ የተጋባዥ ጥያቄ ከማንም ሰበካ ይልቅ አዘጋጅን ያነቃዋል። ሴት ከሌለች ሁለት ስሞችን ከነሥራቸው ጠቁሙ፤ ቀኑ ገና ከሆነ ቦታ ይገኛል። ፕሮግራሙ ታትሟል ካሏችሁ ደግሞ «የእኔን ቦታ ለእሷ ስጧት፤ እኔ ታዳሚ ሆኜ እመጣለሁ» በሏቸው። አንድ የማከብራቸው የኢኮኖሚ ምሁር ይህንኑ አድርገውብኛል። ስልኩን ዘግቼ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናድጄ ነበር። ከዚያ የጠቆሙኝን ስልክ ደወልኩ፤ ባለሙያዋ በማግስቱ መጡ፤ ምሁሩም በተባለው ሰዓት ደርሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ማስታወሻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።